11ኛ ክፍል ልትገቡ ነው? ከመስከረም በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሷቸው ነገሮች

ነሐሴ ላይ ነን። ጎንደር ፒያሳ ሱቆቹ ደብተር መደርደር ጀምረዋል። ዳባትና ደባርቅ ጭጋጉ ገና አልለቀቀም። በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር የሚመጣልን ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «10ኛን ጨርሻለሁ፣ ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። የት ነው የምትኖሩት? ስንቅ ማን ያመላልሳል? አጨዳ ሲደርስ ማን ይቀራል? ለማጥናት በቀን ስንት ሰዓት አላችሁ? እነዚህ ካልተመለሱ ናቹራልም ሶሻልም ብትገቡ ልዩነት አያመጣም።

ይህ ጽሑፍ ለተማሪም ለወላጅም ነው። እናትና አባታችሁ ስልክ የማይነኩ ከሆነ ወይ ማንበብ ካልቻሉ ማታ ቡና ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ረጅም ስለሆነ ሴቭ አድርጉት፤ በአንድ ቀን መጨረስ የለባችሁም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። እኔም የኪራይ ተማሪ ነበርኩ። 11ኛን «ገና ነው፣ 12ኛ ስገባ እጀምራለሁ» እያልኩ ጨረስኩት። 12ኛ ስገባ የ11ኛውም የ12ኛውም መጽሐፍ አንድ ላይ ወደቀብኝ። ነጥብ አልመጣልኝም፣ ዲግሪም የለኝም። እዚህ የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው።

■ 11ኛ ክፍል አሁን ለምን ይለያል?

ታላላቆቻችሁ 11ኛና 12ኛን «መሰናዶ» ይሉታል። በ1986 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ያ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው አንድ ላይ «ሁለተኛ ደረጃ» ይባላል፤ ከ10ኛ ወደ 11ኛ የምትሻገሩትም በትምህርት ቤታችሁ ውጤት ነው።

ይህ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በፊት 10ኛ ላይ ደወል ይደወል ነበር። «እዚህ ጋ ደካማ ነህ» የሚል ከውጭ የመጣ ፈተና ነበር። አሁን 8ኛ ክፍል ክልላዊውን ከተፈተናችሁ በኋላ እስከ 12ኛ መጨረሻ ድረስ ከትምህርት ቤታችሁ ውጭ የሚመዝናችሁ የለም። አራት ዓመት ሙሉ በራሳችሁ መምህር፣ በራሳችሁ ትምህርት ቤት ፈተና ብቻ ነው የምትሄዱት። የመጀመሪያው ደወል የመጨረሻው ሆኗል ማለት ነው።

ደወሉ ሲደወል ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመቶኛ እንዲህ ነበሩ፦

• የ2014 ተፈታኞች (ጥቅምት 2015 የተፈተኑት)፦ 3.3
• የ2015፦ 3.2
• የ2016፦ 5.4
• የ2017፦ 8.4

የ2017ቱን በሰው እንቁጠረው። ከተፈተኑት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት ወደ 49 ሺህ ናቸው። በየዓመቱ እየተሻሻለ ነው፣ እውነት ነው። ግን አሁንም 100 ተማሪ ካለበት አዳራሽ ፈገግ ብለው የሚወጡት 8 ገደማ ናቸው። በ2015 ፈተና ደግሞ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም «አንደኛ የወጣ» ተማሪ ነበር። ስለዚህ ከክፍል አንደኛ መውጣት ጥሩ ነው፤ ለ12ኛ ፈተና ዋስትና ግን አይደለም።

ይህን የምለው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ደዋይ ከሌለ ደወሉን ራሳችሁ መደወል አለባችሁ ለማለት ነው። ከ11ኛ ክፍል መስከረም እስከ 12ኛው ፈተና ድረስ 22 ወር ገደማ አለ። ብዙ ጊዜ ነው፣ ከመጀመሪያው ከተያዘ።

■ ናቹራል ወይስ ሶሻል?

መጀመሪያ ምን እንደምትፈተኑ እወቁ። በቅርብ ዓመታት ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600።

ለሁለቱም፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ።
ለናቹራል፦ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ።
ለሶሻል፦ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ሶሻል የገባ ሰው ከሒሳብ አይገላገልም። የሶሻሉ የሒሳብ ፈተና ከናቹራሉ ይለያል እንጂ አልቀረም። «ሒሳብ ስለማልወድ ሶሻል» የሚል ምክንያት ውድቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ከስድስቱ ሦስቱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም አላቸው። የፈተናው ግማሽ የሚወሰነው ናቹራል ወይም ሶሻል በመግባታችሁ ሳይሆን በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአፕቲትዩድ ነው።

ሦስተኛ፣ አፕቲትዩድን ክፍል ገብቶ የሚያስተምራችሁ የለም። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ አንብቦ መረዳት፣ ነገር ማገናዘብ ነው። የሚለመደው የድሮ ጥያቄ በመሥራት ብቻ ነው፣ ግን 100 ነጥብ አለው። ከ11ኛ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን የሠራው ሰውና ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው የጀመረው ሰው በጭራሽ እኩል አይሆኑም።

እሺ፣ እንዴት ልምረጥ? እነዚህን ሦስት ነገሮች በወረቀት ሥሩ።

1. የ9ኛና የ10ኛ ካርዳችሁን አውጡ። በአንድ በኩል የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ውጤት ደምሩ። በሌላ በኩል የጂኦግራፊ፣ የታሪክና የኢኮኖሚክስ። አንድ ሴሚስተር ብቻ አትዩ፣ አራቱንም እዩ። አንድ መምህር ማርክ ሲለቅ፣ ሌላው ሲይዝ ይኖራል፤ አራት ሴሚስተር ግን ብዙ አይዋሽም።

2. የድሮ የ12ኛ ፈተና ጥያቄ አግኝታችሁ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ትምህርት ሞክሩ። 9ኛና 10ኛ የተማራችሁትን ርዕስ የሚነኩትን ጥያቄዎች ብቻ ምረጡ። ማርኩ ቁም ነገር አይደለም። የትኛውን ስትሠሩ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ሄደ? የትኛው አሰለቻችሁ? እሱን አስተውሉ።

3. የምትማሩበትን ትምህርት ቤት ጠይቁ። የፊዚክስ መምህር አለ? ላብራቶሪው ይከፈታል ወይስ ተቆልፎ ነው የሚኖረው? የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ነው? አምና 11ኛ የነበረ ልጅ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ እሱ እውነቱን ይነግራችኋል።

ከዚያ ወደ ፊት እዩ። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ግብርና የምትሉ ከሆነ መንገዱ ናቹራል ነው። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ጋዜጠኝነት የምትሉ ከሆነ ሶሻል ነው። ሶሻል የሰነፍ፣ ናቹራል የጎበዝ የሚባል ነገር የለም። ጎበዝ የሶሻል ተማሪ ጠበቃም ኦዲተርም ይሆናል፤ ለሰው ወሬ ብሎ ናቹራል የገባ ደግሞ ፊዚክስ ላይ ሁለት ዓመት ይንገላታል።

በጓደኛ አትምረጡ። ጓደኛችሁ ሌላ ክፍል ስለገባ ጓደኝነታችሁ አይፈርስም፤ ማታ አብራችሁ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ማጥናት ትችላላችሁ።

■ ቤት ውስጥ ስምምነት ከሌለ

ብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። አባት «ልጄ፣ ዶክተር ሆነህ ጎንደር ሆስፒታል ባይህ» ይላል። ልጅ ዝም ይላል። ዝምታው እሺታ ይመስላል። ከዚያ ልጁ ተደብቆ ሶሻል ይመዘገባል፤ ወይ ሳይወድ ናቹራል ገብቶ በጥር ውጤቱ ሲወጣ ጠቡ ይጀመራል።

ተማሪዎች፣ ዝም አትበሉ። «አልፈልግም» ብቻ አትበሉም። ካርዱን ይዛችሁ ቅረቡ። «አባየ፣ ባዮሎጂ 62፣ ፊዚክስ 51 ነው ያመጣሁት። ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ግን ከ80 በላይ ነኝ። በዚህ ብሄድ ነው ለሁላችንም የሚበጀው» ብሎ በቁጥር ማስረዳት ከክርክር ይሻላል። እናንተን ካልሰሙ አጎት፣ የሚያከብሩት ጎረቤት ወይም አንድ መምህር አስገቡበት። በእኛ አገር ሽማግሌ ለሠርግና ለጠብ ብቻ አይደለም የሚላከው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ የሚፈተነው ለብቻው ነው። ምኞታችሁን ንገሩ፣ የተማሩበትንም ያልተማሩበትንም ንገሩ። የመጨረሻውን ግን ውጤቱ ይናገር። ከተመዘገቡ በኋላ የመቀየር ሐሳብ ከመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር ይሻላል፤ ኅዳር ላይ መቀየር ሁለት ወር ማቃጠል ነው።

■ ምዝገባና ወረቀት

አንድ ፕላስቲክ ፋይል ግዙ። ውስጡ እነዚህን አስገቡ፦

• የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት (ሚኒስትሪ ካርድ)
• የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርድ ወይም ትራንስክሪፕት
• ትምህርት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ መሸኛ
• የልደት የምስክር ወረቀት እና ካላችሁ የፋይዳ መታወቂያ
• ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከአራት የማያንስ
• የሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ

ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ ላኩት። ወረቀት ይጠፋል፣ ዝናብም ይመታዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው ነገር፦ የስም አጻጻፍ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ስማችሁ፣ የአባታችሁና የአያታችሁ ስም በሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ላይ «ኃይለ ማርያም» ሌላው ላይ «ኃይሌ»፣ የእንግሊዝኛው ደግሞ በየካርዱ በተለያየ ፊደል ከሆነ፣ 12ኛ ላይ ለፈተና ስትመዘገቡ ትንከራተታላችሁ። 11ኛ ላይ ማስተካከል ቀላል ነው፣ ጊዜ አላችሁ። የልደት ቀኑንም እንዲሁ አስተያዩ።

ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ የምትመጡ ደግሞ መሸኛውን ከድሮው ትምህርት ቤት ነሐሴ ውስጥ ጨርሱ። መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ይሄዳል፣ ማኅተሙ ይቆለፋል፣ መንገዱ ይዘጋል፤ ምኑ ይታወቃል።

■ የኪራይ ቤትና ስንቅ

ይህ ክፍል ለጎንደር ከተማ ልጆች ብዙም ላይገባቸው ይችላል። ለደጋው ልጅ ግን ከናቹራልና ሶሻል ይበልጣል። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጣ ተማሪ በብዛት ወረዳ ከተማ ላይ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚማረው። በ16 እና በ17 ዓመት የራስ ቤት መምራት ማለት ነው። ማብሰሉ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ኪራይ መክፈሉ፣ ሁሉም በራስ ነው። ብዙ ልጅ 11ኛን የሚያቋርጠው ትምህርቱ ስለከበደው አይደለም፤ ኑሮው ስላቃተው ነው።

ቤት ስትፈልጉ፦

• ነሐሴ ሳያልቅ ፈልጉ። መስከረም ላይ ሁሉም ይመጣል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ የቀረውም የማይረባው ነው።
• ሁለት ወይ ሦስት ሆናችሁ ተከራዩ። ግን የምታጠኑበት ሰዓት ከሚመሳሰል ልጅ ጋር። እኩለ ሌሊት ዘፈን ከሚከፍት ጓደኛ ጋር መኖር ፈተና ነው።
• ወላጅ ራሱ መጥቶ አከራዩን ይተዋወቅ። አከራዩ «የእገሌ ልጅ» ብሎ ካወቃችሁ ሲያማችሁ ይጠይቃችኋል፣ ሲመሽባችሁም ይፈልጋችኋል። ስልክ ተለዋወጡ።
• ስለ መብራት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ማገዶ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «መብራት ከአራት ሰዓት በኋላ ይጠፋል» የሚል አከራይ ጋ ማታ ማጥናት አይቻልም።
• የኪራዩን ገንዘብ በ10 ወር አባዙት። በወር ትንሽ የሚመስለው በዓመት ብዙ ነው። በዓመቱ ላይ ተስማምታችሁ መቼ መቼ እንደሚከፈል ጻፉት፤ እህል በሚሸጥበት ጊዜ አንድ ላይ መክፈል የሚቻል ከሆነ አከራዩን ጠይቁ።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ቀልድ አይደለም። ጋቢና ብርድ ልብስ እንደ ደብተር ሁሉ የትምህርት መሣሪያ ነው። በረዶ በሆነ ክፍል ውስጥ የሚያጠና የለም፣ ሁሉም ተጠቅልሎ ይተኛል።

ስንቅ ላይ፦ እንጀራ ብቻ አትያዙ። በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ይቆያሉ። የደጋው ገብስና ባቄላ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በሶ ጧት በጥብጦ ጠጥቶ መሄድ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ባዶ ሆድ ሒሳብ ክፍል መቀመጥ ግን ሙሉ ቀን ያጠፋል።

በየሳምንቱ ስንቅ ለመያዝ በእግር ሰዓታት የሚሄድ ልጅ ቅዳሜና እሑዱ አለቀ ማለት ነው። ወላጆች፣ እዚህ ላይ ነው ትልቁን ውለታ መዋል የምትችሉት። ከአንድ ቀበሌ የመጡ አምስት ልጆች ካሉ አምስቱ ወላጆች ተራ ግቡ። በገበያ ቀን አንዱ የአምስቱንም ስንቅ ያምጣ። ልጁ በወር አንዴ ብቻ አገር ቤት ይምጣ። በወር ሦስት ቅዳሜና እሑድ ታተርፉለታላችሁ። በዓመት ሲደመር ወደ 30 ይጠጋል።

■ ስለ ሴት ልጆች ለብቻው

ሴት ልጅ ስትከራይ የሚነሱ ስጋቶች አሉ፤ ወላጅ መስጋቱ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ከትምህርት ማስቀረት አይደለም። ዘመድ ቤት ካለ ይቅደም። ዘመድ ቤት ስትቀመጥ ግን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፦ «ልጄ ለትምህርት ነው የመጣችው፤ ሥራ ታግዛለች፣ ግን ማታ ሁለት ሰዓት የጥናት ጊዜ ስጧት።» ይህ ሳይባል ቀርቶ ዘመድ ቤት ሠራተኛ ሆና ዓመቱን የጨረሰች ልጅ ስንት ናት!

ዘመድ ከሌለ ሁለት ሦስት ሴት ልጆች አብረው፣ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል፣ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ። ለዚህ ትንሽ ብር መጨመር ካለበት ይጨመር። የወር አበባ መጠበቂያም በስንቁ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን መቅረት በዓመት ሲደመር አንድ ወር ይሆናል።

ሌላው ጥር ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያልቅበትም ጊዜ ነው። የልጅቷ ውጤት ትንሽ ዝቅ ሲል «ከዚህ በኋላ ምን ትማራለች» የሚል ወሬ የሚጀመረው ያኔ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የተከለከለ ነው፣ ያስቀጣልም። ከሕጉ በላይ ግን ቤት ውስጥ ነሐሴ ላይ የተነገረ ቃል ይጠቅማል፦ «12ኛን እስክትጨርስ ሽማግሌ አንቀበልም።» ይህን ቃል አባት በሰው ፊት ከተናገረው ያዘዋል።

■ የዓመቱ ካላንደር፦ የት ጋ ነው የሚሰበረው?

የትምህርት ዓመቱና የእርሻው ዓመት ይጋጫሉ። ቀድማችሁ ካያችሁት ግን ይታለፋል።

መስከረም፦ «መጀመሪያ ሳምንት ትምህርት የለም» ይባላል። የቀረ ሁሉ ጠረጴዛም መጽሐፍም ያጣል። ከመጀመሪያው ቀን ተገኙ።

ጥቅምት፦ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት። ይህ የራሳችሁ ደወል ነው። ከ50 በታች የመጣ ትምህርት ካለ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ አጨዳና ውቂያ። ወላጆች፣ ልጁ የሚያስፈልግበትን ቀን ቀድማችሁ ቁጠሩ፤ በተቻለ መጠን ቅዳሜና እሑድ ይሁን። ወንፈል ጠሩ። «ሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ የቀረ ልጅ ሁለት ምዕራፍ ያመልጠዋል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ያለ ሁለቱ አይገባም።

ጥር፦ የሴሚስተር ማጠቃለያና ጥምቀት። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲደርስ ማጥናት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ጨርሱና በሰላም ጨፍሩ።

የካቲት፦ የሴሚስተሩ ካርድ ይወጣል። ወላጅ ራሱ ሄዶ ካርዱን ይቀበል፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያነጋግር።

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ጾሙ፣ ፋሲካው። የምግብ ነገር አስቡበት፤ ሽሮና ባቄላ ይኑር።

ሰኔ፦ የ11ኛ ማጠቃለያ። ከዚህ በኋላ ያለው ክረምት ዕረፍት ነው፣ ግን የ12ኛ መጀመሪያም ነው።

■ ጥናት፦ ከየት ልጀምር?

ከ11ኛ መጽሐፍ አትጀምሩ። ከጎደላችሁ ጀምሩ። የ12ኛው ፈተና የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ብቻ አይጠይቅም፤ የታችኛው ክፍል ትምህርትም ይገባበታል። መስከረምን የ9ኛና የ10ኛን ሒሳብ ለመከለስ ስጡት።

እንግሊዝኛ፦ ከ9ኛ ጀምሮ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስ የከበዳችሁ የሚመስላችሁ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ስላልገባችሁ ነው። በቀን አምስት አዲስ ቃል ከመጽሐፋችሁ ላይ ጻፉ። በወር 150 ነው።

ድምሩን አስቡ፦ ማለፊያው ከ600 ግማሽ፣ 300 ነው። አንድ የናቹራል ተማሪ እንግሊዝኛ 55፣ ሒሳብ 40፣ አፕቲትዩድ 60፣ ፊዚክስ 42፣ ኬሚስትሪ 50፣ ባዮሎጂ 58 ቢያመጣ ድምሩ 305 ነው። አልፏል። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ከግማሽ በታች ነው፣ ግን ሌሎቹ ተሸከሙት። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ተስፋ አትቁረጡ፣ አንድ ትምህርትም ጨርሳችሁ አትጣሉ።

የራሳችሁን ደወል ደውሉ፦ በየሁለት ወሩ አንድ የድሮ ብሔራዊ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ስልክ አጥፍታችሁ፣ መልስ ሳታዩ። ውጤቱን በደብተር ጀርባ ከቀን ጋር ጻፉ። ጥቅምት 28፣ ታኅሣሥ 33፣ የካቲት 41 ሆኖ ካያችሁት መንገድ ላይ ናችሁ። ባለበት ከቆመ ደግሞ መምህር፣ ጓደኛ ወይ የጥናት ቡድን ፈልጉ። 12ኛ ላይ ከማወቅ 11ኛ ላይ ማወቅ ይሻላል።

ስልክ፦ ይህን የምታነቡት በስልክ ስለሆነ «ስልክ ጣሉ» አልላችሁም። አዲሶቹ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አሉ፤ ዋይፋይ ስታገኙ ሁሉንም አውርዱ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አትርሱ። ኦንላይን ያለ ነገር የእናንተ አይደለም፣ ስልኩ ውስጥ የወረደው ነው የእናንተ። በሚሞሪ ካርድ ለጓደኛም ስጡ። ማታ ስታጠኑ ግን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ቲክቶክ «አምስት ደቂቃ» ብሎ አያውቅም።

■ ትምህርት ተቋርጦባችሁ ለነበራችሁ

በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያጡ ብዙ ልጆች አሉ። 11ኛ ስትገቡ በዕድሜ ትበልጡ ይሆናል። አትፈሩ፣ አትፈሩም። ዕድሜያችሁ ፈተናው ላይ አይጻፍም።

ስትመዘገቡ ያቋረጣችሁበትን ክፍልና ሴሚስተር የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ከተቃጠለ ወይ ከጠፋ ለትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ከሌለ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ከዚያ ለክፍል ኃላፊያችሁ ንገሩ፦ «10ኛን ግማሹን አልተማርኩም።» መምህር ካልነገራችሁት አያውቅም። መንገድ በማይታመንበት ሳምንት ደግሞ ደፍራችሁ አትሂዱ፤ ለዚያ ሳምንት የሚበቃ ስንቅና የሚነበብ ምዕራፍ ቀድማችሁ ያዙ።

■ ካልመጣስ?

ይህንንም ነሐሴ ላይ መነጋገር ያስፈልጋል፤ መጥፎ ምኞት አይደለም። ከግማሽ በታች ያመጡ ተማሪዎች ሚኒስቴሩ በሚያወጣው የመቁረጫ ነጥብ መሠረት ሬሜዲያል ገብተው ሁለተኛ ዕድል የሚያገኙበት አሠራር ከ2015 ጀምሮ አለ። ጎንደር ውስጥ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። ሙያ ይዞ መውጣት ውርደት አይደለም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ይህን ቀድሞ ካወቀ ፈርቶ አይፈተንም። «ካልመጣልህ እንዳላይህ» የተባለ ልጅ ከፈተናው ይልቅ ቤቱን ነው የሚፈራው። እኔ ውጤቴን ይዤ አገር ቤት ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስደርስ እማየ ምንም አላለችኝም፣ ምሳ አቀረበችልኝ። ያን ምሳ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

■ ማታ ላይ የምትጽፉት አንድ ገጽ

ይህን በአንድ ወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦

1. የመረጥነው፦ ናቹራል / ሶሻል። ምክንያቱ፦
2. የምኖረው፦ የት፣ ከማን ጋር፣ የአከራዩ ስልክ፦
3. የዓመቱ ኪራይ፣ መቼ መቼ እንደሚከፈል፦
4. ስንቅ የሚያመጣው ሰውና ቀኑ፦
5. በአጨዳ ጊዜ የምቀርባቸው ቀናት፣ ከስንት እንደማይበልጡ፦
6. የጥናት ሰዓቴ፦ ከስንት እስከ ስንት
7. ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄድባቸው ቀናት፦ ጥቅምት፣ የካቲት፣ ሰኔ
8. በየሁለት ወሩ የራሴ ፈተና ውጤት፦

ከታች ተማሪውም ወላጁም ይፈርሙ። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ያሳርፍ።

ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉ። በተለይ ስልክ ለሌለው የክፍላችሁ ልጅ አንብቡለት። መልካም የትምህርት ዘመን።